ቡና ያቆምኩበት ኅዳር

ጥቅምት 24፣ ሰኞ። ረፋድ 4 ሰዓት

የግራ እጄ አንጓ ተሰብሯል። ጀሶው ከክርኔ በታች ጀምሮ እስከ ጣቶቼ ሥር ይደርሳል። ዶ/ሯ ኤክስሬዩን ብርሃን ላይ አድርጋ አየችና አጥንቴ እንደሳሳ ነገረችኝ።

ቀኝ እጄ ደህና ነው፤ ይኸው እጽፋለሁ። ደብተሩን የሚይዝልኝ የለም። የስኳር ዕቃውን አስደግፌበታለሁ። መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቻለው፣ ማስታወሻዬ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቴ ዘሐራ ቤት ቡና ጠጣን። (ከዚህ በኋላ ዘ. ብዬ እጽፋታለሁ። በአንድ እጅ ሲጽፉ ስምም ይረዝማል።) ሦስተኛውን ጠጥቼ፣ መርቄ ወጣሁ። ደጃፏ ላይ አንዲት የድንጋይ ደረጃ አለች፤ ጡረታ ወጥቼ መርሳ ከገባሁ ጀምሮ የተመላለስኩባት። እግሬ ሳታት። በእጄ ተመረኮዝኩ። ድምፁን ሰማሁት። ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው።

የወደቅሁት ከቁመቴ ነው። ዶ/ሯን ያሳሰባትም ይኸው ነው። ከጣሪያ የወደቀ ቢሰበር ወጉ ነው፤ ቆሞ ወድቆ የሚሰበር ግን አጥንቱ ይመረመራል አለች።

ዘ. እኔን፣ እኔን ይስበረኝ እያለች ሻርፗን ፈትታ እጄን አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ። ሲሪንቃ ላይ ረዳቱ ተጨማሪ ሰው ሊጭን ሲል የጮኸችው ጩኸት እስከ ወልድያ ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። ሐኪሟ ዘንድ ስገባ እሷ በር ላይ ቀረች። እዚያው የዘ. እህት ቤት አደርን። ትናንት ተመለስን።

ዶ/ሯ ልጅ ናት፤ ልጄን ሰላምን ታክላለች። ጥያቄዋ ብዙ ነው። ዕድሜ? ስድሳ ስድስት። የወር አበባ መቼ ቆመ? ወተት? ፀሐይ? የእግር መንገድ? በቤተሰብ ወድቆ የተሰበረ? እናቴ። በመጨረሻ ቡና። በቀን ስድስት ስኒ አልኳት። ቡናውን ቀነስ ያድርጉት አለች። ሌላም ብዙ ተናገረች። እኔ ይዤ የወጣሁት ቡናውን ነው።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ወሰንኩ። ቡና አቁሜያለሁ።

መቀነስ የሚባል ነገር እዚህ አገር የለም። ቡና የሚጠጣው ሰው ቤት ነው፤ ሰው ቤት ከተቀመጡ ደግሞ ሦስቱም ይጠጣል። አቦሉን ጠጥቶ የሚነሣ ለቅሶ አለበት። ቶናው ላይ የሚነሣ ልጁ ታሞበታል። በረካውን ትቶ የሚወጣ ተቀይሟል። ጧት አንድ ቤት፣ ከሰዓት አንድ ቤት፣ ስድስት ስኒ። ቁጥሩ እኔ እጅ ላይ አይደለም። ሊቀነስ የማይችል ነገር ይተዋል።

ምክንያቱን ለማንም አልናገርም። እናቴ በዚህ ቤት ውስጥ ጎብጣ ኖራ፣ በመጨረሻ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ እዚህ አሁን እኔ የተቀመጥኩበት መደብ ላይ ተኝታ ሞተች። ከስብራቱ በኋላ ሰው ሁሉ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። “ምስኪን” ይላሉ፣ እሷ እየሰማች። እሷን ሳይሆን ደግሞ እኔን ነበር እንዴት አደረች ብለው የሚጠይቁት። አፍ የሌላት ይመስል።

ለሰላምም እጄ ትንሽ ተሰነጠቀ ብቻ ነው ያልኳት። ልጄ አንድ ቀዳዳ ካገኘች አ.አ. ትወስደኛለች። አራተኛ ፎቅ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ራሴን ይፈልጠኛል። ከትናንት ጀምሮ ነው። ግንባሬን ሻሽ አስሬበታለሁ። ቡና እንዲህ ዓይነት አበዳሪ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የዘ. ሙቀጫ በግድግዳው በኩል ይሰማል። ዱም፣ ዱም፣ ከዚያ ቆም ትላለች፤ ወሬ ይዛለች ማለት ነው። ከዚያ ዱም ዱም ዱም፤ ወሬው አልቋል። በአጥሩ ላይ ተጣራች። እትዬ የሺ፣ ደርሷል! እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፣ ጠጡ አልኳት። እጅዎን አመመዎት ወይ አለች። የለም አልኩ። ሁለቱም ውሸት። አላመመኝም ብዬ አመመኝ፤ ተኝቼ ነበር ብዬ ዓይኔ እንዳፈጠጠ ነበር።

ዝንጅብል በሙቅ ውኃ ጠጣሁ። ለብቻ ሲጠጡት ሦስት ፉት ነው። ያልቃል። ከዚያ እስኪመሽ ረጅም ነው።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ የእትዬ አስካለ ተራ ነበር። ከዘ. ቀጥሎ ያለው ቤት። ሦስታችን ነን በተራ የምናፈላው፤ ሌላው እንግዳ ነው። አስካለ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፣ አጥንቷ ግን እንደ ብረት ነው፤ አሁንም ማሽላ ከማሳ ተሸክማ ትገባለች። ልትጠራኝ ራሷ መጣች። ከአ.አ. ስልክ እጠብቃለሁ አልኳት። ስልኩን ይዘሽው ነይ አለች። ኔትወርኩ እዚህ ጥግ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው አልኳት። ጥጉን አየችው። እኔን አየችኝ። ወጣች።

ጋዜጣ ላይ ስሠራ ሰው ሲዋሸኝ አውቅ ነበር። ውሸታም ሁልጊዜ ከተጠየቀው በላይ ይመልሳል።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ጧት ኔትወርክ ነበረ። ስለ ቡናና ስለ አጥንት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንዱ ቡና አጥንት ያሳሳል ይላል። ሌላው አያሳሳም። ሦስተኛው በልክ ከሆነ ይጠቅማልም። አራተኛው ዱቄት ይሸጣል።

“ተመራማሪዎች እንደሚሉት” ብሎ የሚጀምር ዜና ስንት ጊዜ ለጸሐፊው መልሻለሁ። የትኞቹ? የት? ምን ያህል ሰው ላይ? ምን የሚበሉ ሰዎች ላይ? ወጣቶቹ ይናደዱብኝ ነበር። አሁን የዚያን ሁሉ ዜና ተራ አንባቢ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ፈርቶ የሚያነብ። ፈርቶ የሚያነብ ሰው ያሰበውን ነው የሚያገኘው። እኔም የመጀመሪያውን አመንኩ።

ራስ ምታቱ ለቅቆኛል። ሌላው አልለቀቀኝም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ማንም አልጠራኝም።

ሙቀጫው ተሰምቷል። ሣቃቸውም። ከዚያ የአስካለ ድምፅ፤ ከዚያ ዝምታ። ስሜ ይጠራል ብዬ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ ሰበብ። ሳልጠቀምበት ቀረ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ደግሞ አልጠሩኝም። የፈለግሁት ይኸው አልነበረም? ነበር።

የሠራሁትን ላስበው። ቡናውን እንጂ ሰዎቹን አልተውኩም ነበር። ግን ቡናውን ስተው ሰዎቹ አብረው ሄዱ። እዚህ ሰው የሚገኝበት ሌላ ሰዓት የለም። ቀን ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ ማታ ሁሉም በሩን ዘግቷል። በመካከል ያቺ ስኒ ናት።

የዛሬ ንግግሬ በሙሉ፦ ለወተት ሻጯ እንደምን አደርሽ። ለድመቷ ውጪ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ከዘ. ደጅ መዶሻ ሲመታ ዋለ። ድንጋይ ነው የሚመታው። ቤት ልታድስ ነው መሰል። ድሮ ቢሆን ሚስማር ስትመታ እንኳ ምክሬን ትጠይቅ ነበር፤ ምክሬ ዋጋ ኖሮት ሳይሆን ለወሬ ያህል። ወጥቼ ልየው ብዬ እስከ በሬ ሄድኩ። ቀሚሴን አየሁት፤ በአንድ እጅ የተቆለፈ ቁልፍ፣ አንዱ ከሌላው ጉድጓድ ገብቶ። ተመለስኩ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ለሰላም ነገርኳት። መናገሬ አልቀረም፤ ዶ/ሯ አጥንት የሚለካ መሣሪያ አ.አ. እንዳለ ነግራኝ ነበር፣ ጀሶው ሲወጣ ሄደው ይለኩ ብላ ወረቀት ጽፋልኛለች።  ሰላም መናገር ጀመረች፣ አላቆመችም። ለመለካት ብቻ መጥተሽ አትመለሺም። ክፍሉ አለ። ልጆቹ አሉ። አያቴ ምን እንደሆነች አይቻለሁ አለች፤ በልጅነቷ ለክረምት ስትመጣ ያየቻትን እናቴን። ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ እሁድ ጧት አብረን እንወጣለን፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ።

ቤቱስ አልኳት። ይቆለፋል አለች።

እሺ አልኩ። በዚህ ፍጥነት እሺ ስል ራሴን ሰምቼው አላውቅም። ማን አለኝ እዚህ? ድመቷ የአስካለ ናት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። አስካለን ቅጥሩ ሥር አገኘኋት። ሰላምታዋ ሙሉ ነበር፣ አንድም ቃል አልጎደለውም። ሙቀት ብቻ ጎደለው። እግዜር ያስታርቃችሁ አለችኝ። ከማን ጋር አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። አይ የሺ፣ ሰው ያላየ መሰለሽ? ብላኝ ሄደች።

ቤት እስክገባ ማሰብ አልተውኩም። ከማን ጋር?

ኅዳር 14፣ እሁድ። የጾም ቅበላ

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሽማግሌ ተላከብኝ። በዝርዝር ልጻፈው።

ምሳ በልቼ ሳልጨርስ ሁለት በትር በሬን አንኳኳ። ሸህ ይመር እና ጋሽ ካሳው። ሸህ ይመር በልጅነቴ ማንጎ ስሰርቅ የያዙኝ ሰው ናቸው። ጋሽ ካሳው የሰፈሩ ዕድር ዳኛ። ሁለቱ ከመጡ ነገሩ ከባድ ነው፤ የመሬት ወይም የጋብቻ። ግቡ፣ ተቀመጡ አልኩ። አልተቀመጡም።

“የመጣንበትን እሺ ካላልሽን አንቀመጥም፣” አሉ ሸህ ይመር። “ውኃም አንቀምስ።”

“ምኑን ነው እሺ የምለው?”

“መታረቁን።”

“ማንን ተጣላሁና?”

ጋሽ ካሳው በትራቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። “ይቺ ጋዜጠኛ ዛሬም ጠያቂ ናት! እዚህ ቤት ዛሬ የምንጠይቀው እኛ ነን።”

እሺ ካልኩ ያልተጣላሁትን ታረቅሁ ማለት ነው። እምቢ ካልኩ ተጣልቻለሁ ማለት ነው። እሺ አልኩ። ተቀመጡ። ሸህ ይመር ክሱን አቀረቡ። በዘሐራ ደጅ ወድቄ ከተሰበርኩ ወዲህ የዘሐራን ቡና ረግጫለሁ። ስትጠራኝ እንቅልፍ ብያለሁ። አስካለ ስትጠራኝ ስልክ ብያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ቤቴን ዘግቼ አሳልፌዋለሁ። ደጇ አይቀናኝም ብያለሁ ተብሏል።

ደጇ አይቀናኝም! እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም። ግን ክሱን ከዚያ ወዲያ ላስተባብለው አልቻልኩም። እያንዳንዱ ፍሬ ነገር እውነት ነው። አንድም የተሳሳተ የለውም። ድምሩ ብቻ ነው ውሸት።

ዘ.ን ጠሯት። በር ላይ ቆማ ኖሯል። ገባች፣ አልተቀመጠችም። ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ይዛለች።

“ደረጃውን አስፈርሼዋለሁ፣ እትዬ። ድንጋዩን አስወጥቼ ወንዝ አስጥዬዋለሁ። አሁን ደጄ ሜዳ ነው። ወላሂ ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም።”

ማክሰኞ የሰማሁት መዶሻ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። አጥንቴ ሳስቷል። ሐኪሟ ቡና ቀንሺ ብላኛለች። ለዚህ ነው። ለሌላ አይደለም። ስናገረው አጭር ነበር፤ ይሄን ያህል ቀን የተሸከምኩት አራት ዓረፍተ ነገር።

 ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ ብዬ ጠበቅሁ። “ምስኪን” እስኪሉ።

“ቡና አጥንት ይበላል?” አሉ ሸህ ይመር። ተቆጥተዋል። “እኔ ጥርስ ሳላወጣ ጀምሬ ስጠጣ የኖርኩት ሰውዬስ?”

“አንተማ የቀረህ አጥንት ብቻ ነው፣” አሉ ጋሽ ካሳው። “ቢበላው ኖሮ ዛሬ በትርህ ብቻዋን ትመጣ ነበር።”

ሸህ ይመር ራሳቸው ሣቁ። እኔም። ዘ. ብቻ አልሣቀችም።

“ለዚህ ብለው ነው ዓይንዎን የነሱኝ?” አለች። “ሳይጠጡ መቀመጥ ያቅታል? እኔ የጠራሁት እርስዎን ነው፣ ሆድዎን ነው እንዴ!”

መደቡ ላይ ቦታ ለቀቅኩላት። 

ሸህ ይመር ዕርቅ ያለ ቡና አይጸናም አሉ። ዘ. ከቤቷ በጀበና ይዛ መጣች። አንድ ስኒ ብቻ ተቀዳ፣ ጨው ያለበት። እኔ ፉት አልኩ፣ ለእሷ ሰጠሁ፣ እሷ ጨረሰችው። ሸህ ይመር ዱዓ አደረጉ። ጋሽ ካሳው አሜን ሲሉ ሁለተኛውን ለራሳቸው እየቀዱ ነበር።

የቡናው ጣዕም? ከንፈሬ ላይ ጨው ነበር። ከሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም።

ወደ ማምሻው ዘ. እርጎ በቅል ይዛ ተመለሰች። ነገ ጾምዎ ይገባል፣ ዛሬ ይጠጡት፣ ለአጥንት ነው አለች። የእኔን ጾም እሷ ቆጥራልኛለች።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ሄጄ አየሁት። ደረጃዋ የለችም። በቦታዋ ቀይ አፈር ተደልድሎ ተጠቅጥቋል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ቤቷ ይገባል። ደረጃዋ ለዚያ ነበር የተሠራችው። ይህን ነገርኳት። አውቃለሁ አለች፣ ክረምት ሩቅ ነው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ወልድያ፣ ቀጠሮ። ረቡዕ ነበር የተባለው፤ ረቡዕ መንገድ አልነበረም። ዘ. አብራኝ ሄደች፣ ዛሬ ግን እስከ ውስጥ። ዶ/ሯን እንደ ድሮዬ ጠየቅኋት። ያለችውን እዚህ አኖራለሁ።

ቡና ብቻውን አጥንት አይሰብርም። በውስጡ ያለው ካፌይን ሰውነት ካልሲየምን በሽንት ትንሽ አብዝቶ እንዲያስወጣ ያደርገዋል፤ ትንሽ። በደንብ ለሚበላ ሰው ያን ያህል አይጎዳም። ብዙ ለሚጠጣ፣ ወተትም ሌላም ለማይበላ፣ ዕድሜው ለገፋ ግን ይደመራል። እኔ ከሦስቱም አለሁበት። ስለዚህ ይቀንሱ አለች እንጂ ይተዉ አላለችም። በቀን ሁለት ሦስት ትንንሽ ስኒ አያሳስባትም። የሚያሳስባት ዕድሜዬ፣ የእናቴ ስብራት፣ የምግቤ ማነስ፣ ቤት መዋሌ ነው። ፀሐይ። በእግር መሄድ። አለመውደቅ። ከተለካሁ በኋላ ምናልባት መድኃኒት።

በጾም ምን ልብላ አልኳት። ጎመን፣ ጤፍ፣ ሰሊጥ አለች፤ ወተቱን ደግሞ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። እጠይቃለሁ።

ባለፉት ሳምንታት ምን ያህል እንደተራመድኩ ጠየቀችኝ። ከመደቡ እስከ በሩ። በፊትስ? ከቤት ቤት፣ ጧትና ከሰዓት፣ ወደ ቡና። ብዕሯን አስቀመጠች። እንግዲህ ከቡናው ጋር መድኃኒቱንም ነው የተዉት አለች።

ለምን ጨርሰው ተዉት አለችኝ። ሦስቱ ካልተጠጡ መነሣት እንደማይቻል አስረዳኋት። የዚህ አገር ሰው አይደለችም፣ ለሥራ የመጣች ናት፤ ሣቀች። አቦሉን ይጠጡ፣ ለቀሩት ይቀመጡ አለች። ዘ. ከጎኔ፦ ይኸው! አለች። ብቻ።

በሚኒባሱ ስመለስ አሰብኩት። ዶ/ሯ ያን ቀን ብዙ ነገር በቅደም ተከተል ነግራኝ ነበር፣ ቡናው መጨረሻ ላይ። እኔ የዜናውን የመጨረሻ አንቀጽ ርዕስ አድርጌ አወጣሁት። ለምን? ሌላው ከእኔ ውጪ ነው። ዕድሜዬን አልቀንስም፣ እናቴን አልቀይርም። መተው የምችለው ቡናውን ብቻ ነበር። አንድ ነገር እንኳ በእጄ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ያውም በአንዱ እጄ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

እሄዳለሁ። አቦሉን እጠጣለሁ። ቶናውንና በረካውን ዘ. በዚያው ስኒ ሙቅ ውኃ ትቀዳልኛለች፣ እጄ ባዶ እንዳይሆን። አስካለ መጀመሪያ ቀን ስኒውን አየት አድርጋ፣ የሺ ጠበል ጀመረች አለች። ከዚያ ወዲህ “ጠበሏን ቅዱላት” ነው።

ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ጠብቄ ነበር። አስካለ እንዲያውም ከደጅ ጀምራ ነው የምትጮኸው፦ ተሰባሪዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ! እናቴን እንዲህ ያላት አልነበረም። ምናልባት እሷም እንዲህ እንዲሏት ትፈልግ ነበር። አልጠየቅናትም።

ቤት ስገባ ግን ያው ነው። መደቡ፣ ጥጉ፣ የስኳር ዕቃው። ሰው ሲያገኙ ብቸኝነት ያልቃል ይላሉ። አይደለም። ከሰው ሲመለሱ ነው ቁመቱ የሚታየው። ባለፈው ወር ቀኑን ሙሉ ስለነበር አይታየኝም ነበር፤ አሁን በር ስከፍት ቆሞ ይጠብቀኛል።

ኅዳር 28፣ እሁድ

ሰላም ደወለች። ክፍሉን ቀለም አስቀብታዋለች። ምን ዓይነት መጋረጃ እንደምወድ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እማ፣ መጋረጃ የማይወድ ሰው አለ? አለች። ልጆቹ ስልኩን ተቀባበሉት። ትንሿ፣ አጥንትሽ ብርጭቆ ነው እንዴ አለችኝ። እማዬ ናት ያለችው አለች።

እዚያ ቡና ማን ይጠጣል ብዬ ጠየቅሁ። እኔ ቢሮ እጠጣለሁ አለች ሰላም፣ አንቺ ደግሞ ተከልክለሽ የለ?

ልክ ናት። ሁሉም ነገሯ ልክ ነው። ሊፍት የለም፣ ግን ደረጃው መደገፊያ አለው። ሐኪሙ ቅርብ ነው። ብወድቅ የሚሰማ ሰው አለ፤ ማታ ማታ። ቀን ሁሉም ይወጣል። ከጧት እስከ ማታ አራተኛ ፎቅ ላይ ከመጋረጃው ጋር ነኝ። ደረጃውን ብቻዬን ላለመውረድ ቃል አስገብታኛለች።

እዚህ ብወድቅስ? ዘ. ትሰማ ይሆናል። ላትሰማም ትችላለች። እናቴ ስትወድቅ ማንም አልሰማም፤ ጧት ነው የተገኘችው። ይህን ለዘ. ነግሬያት አላውቅም። ዛሬ ነገርኳት።  ስኒዎቹን ማጠብ ቀጠለች።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ዘ. ጧት ጧት በግድግዳው ሙቀጫዋን ሁለት ጊዜ መምታት ጀምራለች። እህል የለበትም፣ ባዶ ነው። እኔ በምርኩዜ ሁለት ጊዜ እመልሳለሁ። ማንም እንዲህ እናድርግ አላለም።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ትናንት ጀሶው ወጣ። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል፤ ቀጭን፣ የገረጣ፣ ቆዳው የሚረግፍ። ጣቶቼ ይታዘዛሉ፣ ዘግይተው። ዶ/ሯ ጥሩ ገጥሟል አለች። ለመለካት የአ.አ. ቀጠሮ ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ነው። ለመለካት መሄዴ አይቀርም። ጥያቄው መመለሱ ነው።

ሰላም ቅዳሜ ትገባለች። እሁድ ጧት እንውጣ ብላለች፣ ቀጠሮው ሳይደርስ እንድታርፊ። እሺ ብያታለሁ፤ ያን ጊዜ በስልክ። አላነሣሁትም።

ዛሬ ቡና ላይ ተራ ሲደለደል አስካለ እሁድ የማነው አለች። ዘ. ቀና ብላ አላየችኝም፤ ስኒ ታብሳለች። የሰላምን መምጣት ታውቃለች፣ መኪናውንም፣ ክፍሉ መቀባቱንም።  ተራዬን በጥቅምት መጨረሻ ዘግቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ በኅዳርም ሌሎቹ ሸፈኑልኝ።

የእኔ ነው አልኩ። እሁድ ከሰዓት፣ ታኅሣሥ 12።

ስለዚህ ለሁለቱም እሺ ብያለሁ።

አሁን ቡናውን እየለቀምኩ ነው፣ በሁለት እጄ። ግራው ጠጠሩን ከፍሬው ገና አይለይም። ከደጅ መዶሻ ይሰማል፤ ዘ. ለጎርፉ መከላከያ ታሠራለች፣ ከደጃፉ ጎን፣ ሰው የማይረግጥበት ላይ። ቅዳሜ ሰላም ስትገባ ከሻንጣው በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። መልሱን እስከዚያ ከቡናው ጋር እለቅመዋለሁ።